የውሃው እርሾ

ኩሽናችን ጥግ ላይ አንድ ሰማያዊ ባልዲ አለ። 20 ሊትር ይይዛል። ሁልጊዜ ሙሉ ነው፤ ክዳን ግን አይደረግበትም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሙሉ ባልዲ ውሃ ሳይነኩ ማስቀመጥ ቀላል ነገር አይደለም። ቧንቧው ጭል ማለት ባቆመ ቀን እንግዳ ሲመጣ፣ እጁን ሊታጠብ ጆግ ይዞ ወደዚያ ይሄዳል። ያኔ የ7 ዓመቷ ልጄ ከየት መጣች ሳትባል ትደርሳለች። «እሱ የዓሣዎቹ ነው!»

ባልዲው ቤታችን ከገባ አንድ ዓመት አለፈው። የገባው ሦስት ዓሣ ከቀበርን በኋላ ነው። ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ ነው። አኳሪየም ልትገዙ አስባችሁ ከሆነ፣ ወይም ትናንት ገዝታችሁ ዛሬ ዓሣዎቹ አላምር ካሏችሁ፣ ይህን ጽሑፍ ለእናንተ ብዬ ነው የጻፍኩት።

ነገሩ የጀመረው በጥቅምት ነው። ልጄ አንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ውስጥ ያለ ትልቅ አኳሪየም አይታ ከፊቱ አልነቃነቅ አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። ልደቷ ሲደርስ ይዣት ሄድኩ። ክብ የመስታወት ጎድጓዳ ሳህን፣ ባለቀለም ጠጠር፣ አንድ ቆርቆሮ የዓሣ ምግብና ሦስት ጎልድፊሽ ገዛን። ሻጩ ዓሣዎቹን ውሃ ባለበት ፌስታል ከትቶ፣ አፉን በላስቲክ አስሮ ሰጠን። ውሃውን እንዴት እንደማዘጋጅ ጠየቅሁት። «የቧንቧ ውሃ ይበቃል። ሲቆሽሽ ሙሉውን ትቀይረዋለህ» አለኝ።

እንዳለኝ አደረግሁ። በሦስተኛው ቀን ውሃው ወተት ጠብ ያለበት መሰለ። ደነገጥኩና ሙሉውን ደፋሁት። ጠጠሩን አሽቼ አጠብኩ፤ ሳህኑን ፈተግኩ፤ እንደገና በቀጥታ ከቧንቧ ሞላሁት። ውሃው ኩልል አለ። ልጄ አጨበጨበች። በማግስቱ ጠዋት አንደኛዋ ሞታ ተንሳፋ አገኘናት።

ሁለተኛዋን ግን ቁጭ ብዬ አየኋት። ውሃው ገጽ ላይ ወጥታ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። አየር የምትለምን ነው የምትመስለው። ክንፎቿን ከገላዋ ጋር አጣብቃለች። የምትተነፍስበት የስንጥቧ ጠርዝ በርበሬ የነካው ይመስል ቀልቷል። አንድ ጊዜ ወደ ታች ሰመጥ ትላለች፤ ወዲያው ደግሞ ትወጣለች። ምግብ ስጨምርላት ዞር ብላ አላየችውም። ሦስተኛዋም ከአራት ቀን በኋላ ተከተለቻት።

ሦስቱንም በረንዳ ላይ፣ የጤና አዳሙ ማሰሮ ውስጥ ቀበርናቸው። ልጄ አፈሩን በማንኪያ እየደለደለች አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «አባዬ፣ ውሃው ንጹሕ አልነበር እንዴ?»

መልስ አልነበረኝም።

መልሱን ያገኘሁት ከጎረቤት ብሎክ ነው። ዓሣ ሲያረቡ ብዙ ዘመን ያሳለፉ፣ ጡረታ የወጡ አንድ ጋሼ አሉ። ሳሎናቸው ውስጥ ሦስት አኳሪየም አለ። ሄጄ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ፣ «ልጄ፣ አንተ ያልገዛኸው ውሃውን ነው» አሉኝ። ከዚያ ቡና እየጠጣን ለሁለት ሰዓት ያህል አስረዱኝ። ቤት ገብቼ ደግሞ ሌሊቱን ሳነብ አደርኩ።

ዓሣ ሲኖር አሞኒያ የሚባል መርዛማ ቆሻሻ ያስወጣል። አብዛኛው የሚወጣው በስንጥቡ በኩል ነው፤ እየተነፈሰ ማለት ነው። የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ ወደ አሞኒያ ይለወጣል። ጣና ወይም ዝዋይ ላይ ይህ ችግር አይደለም። ውሃው ብዙ ነው፤ የሚያጣራው ፍጥረትም ብዙ ነው። 10 ሊትር ሳህን ውስጥ ግን አሞኒያው መሄጃ የለውም። ዓሣው የራሱን መርዝ መልሶ ይተነፍሳል። ይህ መጠን ለዓይን አይታይም፤ ለአፍንጫም አይሸትም። እኔ ጥራቱን እያየሁ የተደሰትኩበት ውሃ ዓሣዎቼን እያቃጠላቸው ነበር።

ነገሩን የሚያከፋው ደግሞ ፒኤች፣ ማለትም የውሃው የአሲድነት መለኪያ ነው። ፒኤች 7 የሆነ ውሃ ውስጥ፣ 25 ዲግሪ ላይ፣ ካለው አሞኒያ መርዛማው ዓይነት ከ1 በመቶ በታች ነው። ፒኤቹ 8 ሲደርስ ወደ 5 በመቶ ከፍ ይላል። የኔ ቤት ውሃ በኋላ ስለካው 7.8 ሆነ። ስለዚህ «ትንሽ አሞኒያ ምንም አይል» የሚል ምክር በኔ ቤት አይሠራም ማለት ነው።

ታዲያ ሐይቅ ውስጥ አሞኒያውን የሚበላው ማነው? ባክቴሪያ ነው። አንዱ ወገን አሞኒያውን ወስዶ ናይትራይት ወደሚባል ነገር ይለውጠዋል። ናይትራይትም መርዝ ነው። የዓሣውን ደም ቡናማ ያደርገዋል፤ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ዓሣው አየር በሞላበት ውሃ ውስጥ ሆኖ ይታፈናል። ሌላው ወገን ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ናይትሬት እጅግ የለዘበ ነው። ገበሬው ማዳበሪያ ብሎ ማሳው ላይ ከሚበትነው ጋር አንድ ዘር ነው። ዕፅዋት ይወዱታል፤ የቀረውን እኛ ውሃ በመቀየር እናስወግደዋለን።

እነዚህን ባክቴሪያዎች ለብቻቸው ለይቶ ያሳደጋቸው ሩሲያዊው ሰርጌ ቪኖግራድስኪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1890 ገደማ። ከዚያ በኋላ ከ100 ዓመት በላይ ሥራው ለሁለት የተከፈለ ነው፣ አንዱ የጀመረውን ሌላው ይጨርሳል ሲባል ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2015 ግን ብቻውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚሠራ ባክቴሪያ ተገኘ፤ ናይትሮስፒራ ከሚባለው ወገን ነው። ይህን ካገኙት ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች አንዱ ያገኘው የት መሰላችሁ? ከዓሣ እርባታ የውሃ ማጣሪያ ውስጥ። ይህን ሳነብ ተነስቼ ባዶውን ሳህን አየሁት። በየቤቱ ባለ የአኳሪየም ማጣሪያ ስፖንጅ ውስጥ ሳይንስ ገና ያልጨረሰው ሥራ አለ።

ችግሩ እነዚህ ባክቴሪያዎች አይቸኩሉም። ወጥ የሚያበላሹት ዓይነቶች በግማሽ ሰዓት እጥፍ ሊሆኑ ይችላሉ። እነዚህ ግን እጥፍ ለመሆን ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። አዲስ መስታወት፣ አዲስ ጠጠርና አዲስ የቧንቧ ውሃ ውስጥ ደግሞ ገና የሉም ማለት ይቻላል። በቂ ሆነው እስኪገኙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። ያ ወተት የመሰለውም ነገር ሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ነው። ቢተውት በጥቂት ቀን ራሱ ይጠራ ነበር። እኔ ደፋሁት፤ ከሱ ጋር ጥቂት ተጀምሮ የነበረውንም ደፋሁት።

ይህን ሁሉ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ከኛ ጋር ነው የምትኖረው። ስለ አሞኒያ ሰምታ አታውቅም። ግን ገና ግማሹን ሳልነግራት ገባት። «እርሾ የለውማ!» አለች። «ጤፉን በጥብጠህ በዚያው ቀን ምጣድ ላይ ልታሰፋው ነው እንዴ የፈለግኸው?»

ከዚያ ወዲህ እኔም ሌላ ቃል አልተጠቀምኩም። አኳሪየም ይጠነሰሳል። ጊዜ ይፈልጋል፤ ሙቀት ይፈልጋል፤ እርሾ ቢያገኝ ደግሞ ይፈጥናል።

ሳህኑን ለሎሚ ማስቀመጫ አደረግነውና 60 ሊትር የሚይዝ መስታወት አሠራሁ። ዱባይ የምትሠራው እህቴ ስትመጣ ማሞቂያ፣ ባለስፖንጅ ማጣሪያ፣ የአየር ፓምፕና ውሃ መመርመሪያ ይዛልኝ መጣች። መመርመሪያው ትንንሽ የጠብታ ጠርሙሶች ናቸው። 5 ሚሊሊትር ውሃ በብልቃጥ ትቀዳለህ፣ ጠብታ ትጨምራለህ፣ ትነቀንቃለህ፣ ከዚያ ቀለሙን ካርቶን ላይ ካለው ጋር ታስተያያለህ። አሞኒያ ከሌለ ቢጫ ነው፤ ካለ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ናይትራይት ከሌለ ውሃ ሰማያዊ፤ ካለ ወይን ጠጅ። ናይትሬት ደግሞ ከቢጫ ወደ ቀይ። ከሁሉም ዕቃ በፊት አንድ ነገር ብቻ ግዙ ብትሉኝ ይህን ነው የምላችሁ። ያለሱ በጨለማ መሄድ ነው።

ኅዳር 4 ቀን ጀመርን። ዓሣ የለም። ልጄ በየቀኑ ጠዋት አንድ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ባዶው ውሃ ውስጥ ትበትናለች። ምግቡ ይበሰብሳል፤ አሞኒያ ይሆናል፤ ባክቴሪያው ያን ይበላል። ማታ ማታ አብረን እንመረምራለን። ቀለሙን እሷ ትፈርዳለች፤ እኔ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ከደብተሩ ልገልብጥላችሁ፤ ቁጥሮቹ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ያለ ሚሊግራም ናቸው።

ቀን 3፦ አሞኒያ 0.25። ቀን 8፦ 2። ቀን 12፦ 2። ናይትራይት ዜሮ። ቀን 15፦ ምንም ለውጥ የለም።

አዲስ አበባ በኅዳር እንዴት እንደምትበርድ ታውቃላችሁ። ማሞቂያውን ዓሣ ሲገባ እከፍተዋለሁ ብዬ ካርቶኑ ውስጥ ትቼው ነበር። ጠዋት ቴርሞሜትሩን ሳየው ውሃው 17 ዲግሪ ነው። ሊጥም በብርድ አይነሳም። ማሞቂያውን ሰክቼ 27 ላይ አደረግሁት።

ሌላው የኛ ከተማ ጉዳይ አየሩ ነው። ብዙ የውጭ መመሪያዎች አይጠቅሱትም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለ ከተማ ውሃ በሩብ ያህል ያንሳል። ውሃው ሲሞቅ ደግሞ የበለጠ ይቀንሳል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ያለ ኦክስጅን አይሠሩም። ስለዚህ የአየር ፓምፑ ለኛ ጌጥ አይደለም። ቀንም ሌሊትም እንዲሠራ አደረግሁ።

ቀን 19 ማታ ልጄ ብልቃጡን ወደ አምፖሉ አንስታ ዝም አለች። ሰማያዊው ላይ ቀጭን ሐምራዊ ጥላ ገብቶበታል። ናይትራይት። «መጡ!» ብላ ጮኸች። እናቴ ከመኝታ ቤት ወጥታ «ማን መጣ?» አለች። በዚያች ሌሊት የተሰማኝን ደስታ በቃል መግለጽ ይከብደኛል። ለዓይን የማይታይ ነገር ቤታችን ገብቶ መኖር ጀምሯል።

ከዚያ አበላሸሁት።

ቀን 22 ላይ ስፖንጁ ቡናማ አተላ ይዞ አየሁ። ቆሻሻ መሰለኝ። ውሃ የሚመጣበት ቀን ስለነበር፣ ቧንቧ ከፍቼ ጨምቄ ጨምቄ እስኪነጣ አጠብኩት። በሁለተኛው ቀን አሞኒያው ወደ 2 ተመለሰ። ባክቴሪያው ውሃው ውስጥ እየዋኘ የሚኖር መስሎኝ ነበር። አብዛኛው የሚኖረው ግን ተለጥፎ ነው። ስፖንጁ ላይ፣ ጠጠሩ ላይ፣ መስታወቱ ላይ። ያ ቡናማ አተላ እሱ ነበር። የቧንቧው ክሎሪን ደግሞ የመጣው ባክቴሪያ ሊገድል ነው። ከለገዳዲ ግድብም ይምጣ ከገፈርሳ፣ ውሃው ክሎሪን ባይጨመርበት ልጆቻችን በምን በሽታ እንደሚያልቁ እናውቃለን። ለኛ ሕይወት ነው። ለስፖንጁ ግን ሞት።

እናቴ ስትሰማ ተቆጣች። እውነተኛ ቁጣ። «ቡሃቃ እንዲህ ይታጠባል? እርሾው ያለው እዚያ አይደለም?»

በማግስቱ ጋሼ ቤት ሄድኩ። አፍሬ ነበር። እሳቸው ግን ምንም ሳይሉ ከትልቁ አኳሪየም አሮጌ ስፖንጅ አወጡና በመቀስ ግማሹን ቆረጡልኝ። ከዚያው ውሃ ጋር ፌስታል ውስጥ አደረጉት። «ቶሎ ግባ። ሳይደርቅ፣ ሳይታፈን» አሉኝ። ደረጃውን እየሮጥኩ ወጣሁ። ድሮ ሠፈር ውስጥ እርሾ የጠፋባት ሴት በጣሳ ተበድራ እንደምትመለሰው ነው።

ስፖንጁን ከኔው ጎን ሰካሁት። ቀን 33፦ አሞኒያ ዜሮ። ቀን 41፦ ናይትራይት ዜሮ፣ ናይትሬት 40። እርግጠኛ ለመሆን ከወትሮው በዛ ያለ ምግብ ጨመርን። በማግስቱም ከዚያ በኋላም ሁለቱም ዜሮ ሆኑ። በባልዲ አስቀምጠን ባሳደርነው ውሃ ግማሹን ቀየርንና ናይትሬቱን አወረድነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋፒ የሚባሉ ሦስት ትንንሽ ዓሣዎች ገዛን። ሦስት ብቻ። ባክቴሪያው የሚበዛው ባለው ምግብ ልክ ስለሆነ፣ ዓሣ በአንድ ጊዜ ከጨመርክበት አቅሙ አይበቃም። ሌሎቹን ሦስት የጨመርነው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ጎልድፊሽ ግን አልደገምንም። ጎልድፊሽ ብዙ ይበላል፣ ብዙ ያቆሽሻል፤ በደንብ ከተያዘ ከ20 ሴንቲሜትር በላይ ያድጋል። ለኛ 60 ሊትር አይሆንም። ለዚያ ሳህን ደግሞ ፈጽሞ።

አሁን ዓሣውን አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ይህን የምታነቡ ትኖራላችሁ። አትሸበሩ፤ ሊተርፉ ይችላሉ። መጀመሪያ ምግብ ቀንሱ። በሁለት ቀን አንዴ፣ በጣም ጥቂት። በየቀኑ ከውሃው ሩብ እስከ ሲሶ ቀይሩ፤ ሙሉውን በፍጹም አትድፉ። የምትጨምሩት ውሃ ክሎሪኑ የወጣለት ይሁን። ቅዝቃዜውም ካለው ውሃ ጋር ይመጣጠን። አየር ፓምፑ አይቋረጥ። ናይትራይት ከታየ ጥቂት የገበታ ጨው ይረዳል፤ በ10 ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ። ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ናይትራይቱ በስንጥቡ በኩል እንዳይገባ ይሻማዋል። ከሁሉም በላይ አኳሪየም ያለው ሰው ፈልጋችሁ ቁራጭ ስፖንጅ ለምኑ። ማንም አይከለክላችሁም።

ስለ ባልዲው ደግሞ አንድ ነገር። ክሎሪን ክፍት ባልዲ ውስጥ አንድ ቀን ሲያድር፣ በተለይ አየር ከተነፋበት፣ ይተናል። እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው። ሁሉም ከተማ ግን እንዲህ አይደለም። ዋሽንግተን ዲሲ ያለ ጓደኛዬ እኔን ሰምቶ ባልዲ ሊያሳድር ሲል አስቆምኩት። እዚያ የቧንቧው ውሃ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚታከመው በክሎራሚን ነው፤ ክሎሪንና አሞኒያ ተዋሕደው ማለት ነው። እሱ በማደር አይወጣም። ከዓሣ ዕቃ መሸጫ የሚገኝ የውሃ ማከሚያ ጠብታ ያስፈልገዋል። ያላችሁበት ከተማ ውሃውን በምን እንደሚያክም ጠይቁ።

መብራት ሲጠፋስ? ባለባትሪ የአየር ፓምፕ አለኝ። መብራት ሄዶ ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ አስነሳዋለሁ። ዓሣዎቹን ምግብ አልሰጣቸውም፤ ማሞቂያው ስለሚቆም መስታወቱን በብርድ ልብስ እሸፍነዋለሁ። አንድ ሌሊት እንዲህ ስሸፍን ልጄ ነቅታ «ለዓሣዎቹ ነው ለባክቴሪያዎቹ?» ብላ ጠየቀችኝ። ለሁለቱም አልኳት።

ዛሬ በየሳምንቱ ቅዳሜ 15 ሊትር ቀድተን እናወጣለን፤ ከሰማያዊው ባልዲ እንተካለን። ስፖንጁን በወጣው ውሃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ጨመቅ አድርገን እንመልሰዋለን፤ ከዚያ በላይ አንነካውም። ያ አሮጌ ውሃ ቡናማ ነው፤ ናይትሬት አለው። እናቴ ለጤና አዳሙ ታጠጣዋለች። ተክሉ እንደ ዘንድሮ በዝቶ አያውቅም።

ባለፈው እሑድ በር ተንኳኳ። ከሁለተኛ ፎቅ የመጣ ልጅ ነው፤ 15 ዓመት ገደማ ይሆነዋል። እጁ ላይ ፌስታል ይዟል። «ጋሼ፣ ከናንተ አኳሪየም ስፖንጅ ይገኛል ብለውኝ ነው» አለ። ጋሼ መባሌን ገና አልለመድኩትም። ልጄ መቀሱን ይዛ ቀደመችኝ። ስፖንጁን በጥንቃቄ አወጣች፤ ሲሶውን ቆረጠች፤ ፌስታሉ ውስጥ ውሃ ቀዳችለትና ከተተችው። ልጁ አፉን በላስቲክ ሊያስር ሲል እጁን ያዘችው።

«ብዙ አታስረው» አለችው። «ይታፈናሉ። ሩጥ።»

እየሮጠ ደረጃውን ወረደ።